ጠርዝ ጠርዙን የሚያነበው ጠራዥ

የታላቅ እህቴ ባል መጽሐፍ ጠራዥ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ ነው። በእጁ ያለፉት መጻሕፍት ቢደረደሩ ሰፈራችንን ዞረው የሚመለሱ ይመስለኛል። እሱ ግን ከእነዚያ ሁሉ አንዱንም ከዳር እስከ ዳር አንብቦ አያውቅም። ያም ሆኖ የማያውቀው ነገር የለም ለማለት ይዳዳኛል። ስለ ምድር መንቀጥቀጥ ብትጠይቁት፣ ስለ ልብ አመታት ብትጠይቁት፣ ስለ ድሮ መርከብ አሠራር ብትጠይቁት የሆነ ነገር ይነግራችኋል። ከዚያ ወሬው መጣም ሲጀምር ድንገት ይቆማል። «ከዚያስ ጋሼ?» ሲሉት «ከዚያማ ገጹ አለቀ» ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጽሐፍ ወረቀት አንድ በአንድ አይሰፋም። ጥቂት ጥቂቱ አንድ ላይ ይታጠፍና ቀጭን ደብተር የመሰለ ነገር ይወጣዋል፤ እሱን «እጥፍ» ይሉታል። እጥፎቹ በተራቸው ይደረደሩና ጀርባቸው ላይ በመርፌና በክር ይያያዛሉ። ተራው እንዳይዛባ ሌላው ጠራዥ የገጽ ቁጥር ያያል። የእህቴ ባል ግን ቁጥር አያምንም። ወጣት ሳለ ማተሚያ ቤቱ ቁጥሩን አዛብቶ የላከውን መጽሐፍ እንዳለ ሰፍቶ ተወቅሶበታል። ከዚያ ወዲህ የራሱን ዘዴ ያዘ። የአንዱን እጥፍ የመጨረሻ መስመር ያነባል፤ ከዚያ የሚቀጥለውን እጥፍ የመጀመሪያ መስመር ያነባል። ሐሳቡ ከተያያዘ ይሰፋዋል፤ ካልተያያዘ ተገቢውን ፈልጎ ያመጣል።

ትምህርት ቤት የቆየው ፊደል ለይቶ ደብዳቤ ለመጻፍ ያህል ብቻ ነበር። የቀረውን እውቀት እግዚአብሔር በዚህ መንገድ፣ ከጠርዝ ከጠርዙ እየቆነጠረ አጎረሰው። እህቴና አብሬያቸው የምኖረው እኔም ከእሱ ማዕድ ተካፍለናል። እራት ላይ «የዛሬው መገጣጠሚያ» ይልና ሁለቱን መስመሮች በቃሉ ይነግረናል፤ እኛ ደግሞ ከፊትና ከኋላ ምን እንዳለ እንገምታለን። ግምታችን ልክ ይሁን አይሁን የሚነግረን ስለሌለ እኔ በማግሥቱ መጽሐፉን ፍለጋ እሄዳለሁ። ትምህርቴን አቋርጬ የቀረሁት ሴት ዛሬ ያለ መጽሐፍ መዋል የማልችለው በዚያ ገበታ ምክንያት ነው። ፈጣሪዬን ሳመሰግን እሱን ሳልጠቅስ አላልፍም። እህቴ ግን በነገሩ ትሥቃለች። «ይሄ ሰውዬ የሠርጋችን ቀን እንኳ ንግግር ሲያደርግ መሃሉን ዘሎታል» ትላለች።

አምና አዲስ ኃላፊ መጣች። ከእሱ በዕድሜ ታንሳለች፤ ኮስታራ ናት፤ አድልዎ ግን አታውቅም። ከእሷ ጋር አንድ ትልቅ ማሽን መጣ። ወረቀት ይቆርጣል፣ ጀርባውን ሙጫ ይቀባል፣ ሽፋን ያለብሳል፤ ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንዲት መስመር አያነብም። መጽሔቶቹና ቅጾቹ ወደ ማሽኑ ሄዱ። በእጅ የሚሰፋው የተመራማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ቀረ። ኃላፊዋ ሠራተኛውን ሰብስባ በግልጽ ተናገረች። ዓመቱ እስኪያልቅ የእጅ ሥራው ያለ ስሕተት ከሄደ ይቀጥላል። አለበለዚያ እሱም ለማሽኑ ይሰጣል፤ ጠራዡም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛውሮ ወንበርና ጠረጴዛ ያድላል።

ደመወዙ አይነካም፤ ሥራውም ቀላል ነው። እህቴ እሰየው አለች። ወገቡን እያመመው ጎንበስ ብሎ ከመስፋት ወንበር እያደሉ ወንበር ላይ መቀመጥ ምን ይጎድለዋል አለችው። እሱ ግን ምግቡን ገፋ አደረገ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ታውቂዋለሽ» አለኝ። «ወንበር ምኑ ይነበባል?»

የፈራው ይህን ነው። ሥራ አላጣም። ሊያጣ የነበረው ትምህርት ቤቱን ነው።

ሦስቱ ተመራማሪዎች ጽሑፋቸውን ያመጡት በዚያው ሰሞን ነው። የእህቴ ባል ለሁሉም ደንበኛው ቅጽል ያወጣል። የመጀመሪያዋን «ፌንጣዋ» አላት። በሥጋ ፋንታ ስለሚበሉ አማራጭ ፕሮቲኖች የምትመራመር የምግብ ሳይንስ ሰው ናት። ፌንጣ አድርቃና ፈጭታ ዱቄቱን ከስንዴ ጋር ቀላቅላ ብስኩት ትጋግራለች። ሁለተኛዋን «ሆደ ባሻዋ» አላት። ሰው ሲናደድ፣ ሲያዝን፣ ሲጸየፍ በምን ቃል እንደሚናገር ታጠናለች፤ ጽሑፉን ያስረከበችው ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ሦስተኛው ስለ ቅጂ መብት የሚያጠና የሕግ ሰው ነው። መጽሐፍ፣ ዜማ፣ ሥዕል የማን እንደሆነና ማን ሊያባዛው እንደሚችል ሲያስረዳ ትንፋሽ አይወስድም። እሱ «ባለመብቱ» ተባለ።

ዩኒቨርሲቲው የወረቀቱን መጠንና የፊደሉን ዓይነት ስለሚወስን ሦስቱ ጽሑፎች ሲታዩ አንድ ናቸው። የእህቴ ባል እጥፎቹን በየክምራቸው ጠረጴዛው ላይ ትቶ ለምሳ ወጣ። በዚያ መሃል ከጣሪያው በታች የሚያልፈው የውሃ ቧንቧ ማንጠብጠብ ጀመረ። የጽዳት ሠራተኛዋ ባየች ጊዜ ሳታመነታ ሁሉንም በአንድ እቅፍ አንሥታ መደርደሪያ ላይ አኖረችው። ወረቀቱ ከውሃ ተረፈ፤ ክምሮቹ ግን ተደበላለቁ። እሱ ተመልሶ ሲያይ መረቃት፤ ከዚያም እንደ ልማዱ በመስመር እያገናኘ ይለይ ጀመር። የፌንጣዋ በማግሥቱ ለፈታኞች መድረስ ስለነበረበት ከእሱ ተነሣ።

ያን ዕለት እራት ላይ ፊቱ በርቶ ነበር። እንዲህ የሚፈስ መጽሐፍ በእጁ ገብቶ እንደማያውቅ ነገረን። መገጣጠሚያዎቹንም አሰማን። አንዱ እጥፍ «ቀማሾቹ ብስኩቱ ከምን እንደተሠራ ከመስማታቸው በፊት ወደውት ነበር፤ ከሰሙ በኋላ ግን ብዙዎቹ መልሰው አስቀመጡት። የዚህ ምክንያት» ብሎ ያልቃል። ቀጣዩ «ቃሉ የተሸከመው ስሜት ነው» ብሎ ይጀምራል። ወረድ ብሎ ሌላው እጥፍ «ይህን አነጋገር አንድ ሰው ጀምሮት ይሆናል፤ ዛሬ ግን በሁሉም አፍ ውስጥ አለ። እንግዲህ» ይልና ገጹ ያልቃል። የሚቀጥለው «ባለቤቱ ማን እንደሆነ መለየት ቀላል አይደለም» ይላል። እኔ አፌን ከፍቼ ሰማሁ። ከፌንጣ ተነሥቶ በሰው ስሜት በኩል አልፎ ባለቤትነት ላይ የሚደርስ ምሁር እንዴት ያለ ጭንቅላት ቢኖረው ነው አልኩ። እህቴ ብቻ ብስኩቱን ማን እንደበላው ጠየቀች።

በማግሥቱ ፌንጣዋ መጽሐፏን ተቀብላ እዚያው ገለጥ ገለጥ አደረገች። ሽፋኑን አመስግና ነበር። መሃሉ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ወደ ኋላ ገለጠች፤ ወደ ፊት ገለጠች።

«ጋሼ፣ ይሄ የማን ነው?»

«ያንቺ ነዋ።»

«የእኔ ፌንጣ የት ሄዶ ነው እዚህ ሰው የሚያለቅሰው?»

እሱም መነጽሩን አጥልቆ አየ። የገጽ ቁጥሩን ያን ጊዜ ነው ያየው፤ ከሠላሳዎቹ ወደ ዘጠናዎቹ ዘሎ ነበር። መጀመሪያው የእሷ፣ መሃሉ የሆደ ባሻዋ፣ መጨረሻው የባለመብቱ ነው። ሦስት ሰው ለየብቻው የደከመበትን አንድ መጽሐፍ አድርጎ ሰፍቶታል፤ ያውም በጥሩ ክር።

ፌንጣዋ የዚያኑ ዕለት ካላስረከበች ፈተናዋ ወደ ሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። ድምፅዋን ሰምታ ኃላፊዋ ከላይ ወረደች። መጽሐፉን ተቀብላ ከተመለከተች በኋላ የገጽ ቁጥር አይቶ እንደሆነ ጠየቀችው፤ አለማየቱን አመነ። የጽዳት ሠራተኛዋ ከበሩ ሆና ጥፋቱ የእሷ መሆኑን ልትናገር ስትል አላስጨረሳትም። እሷ ወረቀቱን ከውሃ እንዳዳነች፣ የሰፋው ግን እሱ መሆኑን ተናገረ። ቀጥሎ ያለው ማንም ያልጠየቀው ነው። የፌንጣዋ ትክክለኛ ተከታይ እጥፍም በእጁ እንደነበረ ተናገረ። ያ እጥፍ የሚጀምረው «ለጊዜው አልታወቀም» ብሎ ነው። «የዚህ ምክንያት ለጊዜው አልታወቀም» ከሚለው ይልቅ «የዚህ ምክንያት ቃሉ የተሸከመው ስሜት ነው» የሚለው የበለጠ ተያያዘለት።

ኃላፊዋ ትክ ብላ አየችው። «ሁለቱንም አይተው ነው የመረጡት?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ምክንያቱን ማወቅ ፈልጌ ነው» አለ።

ቤተ መጻሕፍቱ እስኪዘጋ ድረስ ተፈቶ በትክክል እንዲሰፋ አዘዘች። ስለ እጅ ሥራው የተናገረችውን እንደማትረሳም አስታወሰችው፤ ያንን ሳምንት ጨርሶ ስለ ግምጃ ቤቱ እንደሚነጋገሩ ነግራው ወጣች። እሱም አልተከራከረም። ምላጩን አንሥቶ የገዛ ክሩን መቁረጥ ጀመረ።

ፌንጣዋ አልሄደችም። ወንበር ስባ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀመጠች። እሱ የፈታውን እጥፍ እየተቀበለች በቁጥር ትለያለች፤ ዳግመኛ ሰው አላምንም ያለች ትመስል ነበር። እዚያች መገጣጠሚያ ላይ ስትደርስ ግን ሥራዋን ተወች። የራሷን የመጨረሻ መስመር አነበበች። የሌላዋን የመጀመሪያ መስመር አነበበች። ከዚያ ገለጠችና የእሷ ያልሆነውን ገጽ ማንበብ ቀጠለች። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሠራል፤ በሆዱ ግን ምን አግኝታ ይሆን ይላል። እሱ የሚያውቀው ጠርዙን ብቻ ነው፤ እሷ መሃሉ ገብታለች።

ሆደ ባሻዋ የራሷን ልትወስድ ስትመጣ ጽሑፏን በማታውቃት ሴት እጅ አገኘችው። የእህቴ ባል ተነሥቶ የሆነውን ሁሉ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ጩኸት ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ፌንጣዋ ጎን ተቀመጠችና ሰዎቹ ብስኩቱን ሲያስቀምጡ ምን ምን እንዳሉ ጠየቀቻት። ፌንጣዋ ማስቀመጣቸውን እንጂ ያሉትን አልመዘገበችም። የስንቱን ሰው ቃል መና አስቀረሽው ብላ ሆደ ባሻዋ እውነትም ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወዲያው ሁለቱ እንደ አብሮ አደግ እየተነጣጠቁ ያወሩ ጀመር።

ባለመብቱ የደረሰው በዚህ መሃል ነው። የሆነውን ሲሰማ ወንበር አላገኘምና ወረቀት መጭመቂያው ብረት ላይ ተቀምጦ እስኪበቃው ሣቀ። ከዚያም ፊቱን ኮስተር አድርጎ የሕግ ትንታኔ ጀመረ። የሌሎችን ሥራ መርጦ፣ አሰናድቶ፣ አዲስ ቅንብር የፈጠረ ሰው ለቅንብሩ መብት አለው። ነገር ግን የሦስቱን ባለቤቶች ፈቃድ አልጠየቀም።

«ስለዚህ ጋሼ፣ እርስዎ የዚህ መጽሐፍ ባለቤትም ሌባም ነዎት» አለው።

«የቱ ይቀድማል?» አለ የእህቴ ባል።

ባለመብቱም ጥያቄው ጥሩ መሆኑን፣ እሱ ራሱ ያላሰበበት መሆኑን ተናገረ። በሣቃቸው መሃል ግን የእህቴ ባል እጅ አላረፈም። በሩ ሊዘጋ ሲል የመጨረሻውን ቋጠሮ አሰረ። ፌንጣዋም የራሷን መጽሐፍ፣ «ለጊዜው አልታወቀም» የሚለውን ጨምሮ፣ ታቅፋ እየሮጠች ወጣች። ደረሰላት።

ያን ሳምንት እቤት ሲመጣ የመገጣጠሚያ ወሬ አላነሣም። እህቴ እንኳ አልቀለደችበትም። ቤታችን የሚጸለየው ጸሎት ብዙ ጊዜ ስለ ጤናና ስለ ሰላም ነው፤ ያኔ ግን እኔ በልቤ ስለ አንድ ምድር ቤትና ስለ አንድ መርፌ ጸለይኩ። ፈጣሪ በዚህ እንደማይሥቅብኝ አውቃለሁ።

ሳምንቱ ሲያልቅ ኃላፊዋ ጠራችው። ሦስቱ ተመራማሪዎች ቀድመውት ቢሮዋ ደርሰው ነበር። አብረው አንድ ጥናት ሊጀምሩ ነው። ስሙን የሰሙትን ምግብ ሰዎች በምን ስሜትና በምን ቃል እንደሚገፉት ወይም እንደሚቀበሉት ይመረምራሉ። ቃሉን የሰጡት ሰዎችስ በቃላቸው ላይ ምን መብት አላቸው የሚለውንም ያያሉ። ሥራው ሲያልቅ በእሱ እጅ እንዲሰፋላቸው ጠይቀዋል። ኃላፊዋ ምንም ቃል እንዳልገባችላቸው ነገረችው። ያ መጽሐፍ እስኪመጣ ድረስ ግን ይቆያል፤ መጀመሪያ ቁጥር ያያል፣ ከዚያ የፈለገውን ያነባል። በዚያ መጽሐፍ አንድ ገጽ ቢሳሳት ለእሱም ለእጅ ሥራውም ነገሩ ያበቃል። እሱም ተስማማ። እሷ ትክክል ናት፤ የሰው ጽሑፍ እሱ እንደወደደው የሚቀጠል አይደለም ብሎ እኛንም ነገረን።

ከወራት በኋላ ለጥናቱ ቀማሽ ሲፈለግ እሱም እህቴም ሄዱ። እያንዳንዱ ሰው በመጋረጃ በተከፈለች ጠባብ ክፍል ይቀመጣል፤ አንድ ብስኩት ይበላል፤ ውሃ ይጠጣል፤ ከዚያ ብስኩቱ ከምን እንደተሠራ ይነገረውና የተሰማውን ይናገራል። እህቴ የተነገራት ጊዜ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ለሆደ ባሻዋም «መጸየፉንስ ተጸየፍኩ፤ ግን አንድ ድገሚኝ» አለቻት። ይሄ ቃል በጥናቱ ውስጥ የራሱ ክፍል እንደተሰጠው በኋላ ሰምተናል።

የእህቴ ባል ምን እንዳለ ግን አልነገረንም። የነገረን ባለመብቱን የጠየቀውን ብቻ ነው። ባለመብቱ ቃላቸው ቢታተም ይፈቅዱ እንደሆነ እያንዳንዱን ቀማሽ ይጠይቅ ነበር። የእህቴ ባልም ከፈቀደ በኋላ የፌንጣውን ፈቃድ ማን እንደጠየቀ አነሣበት። ባለመብቱ ሕጉ ገና እዚያ እንዳልደረሰ መለሰለት።

መጽሐፉ የመጣው በዚህ ዓመት ነው። ያን ቀን ምሳውን ስለረሳ እህቴ እኔን ላከችኝ። ምድር ቤት ስደርስ ቧንቧው ተጠግኗል፤ ማሽኑ በወዲያኛው ክፍል ያጉረመርማል፤ እሱ ጠረጴዛው ላይ አንድ ክምር ብቻ አድርጎ ቆሟል። እንዳልናገር በጣቱ ምልክት ሰጠኝ። ቁጥሮቹን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር አየ። እንደገና አየ። ከዚያ ነው መነጽሩን አስተካክሎ መስመር ማንበብ የጀመረው። አንዱን እጥፍ ከሌላው እያገናኘ፣ ከንፈሩን እያነቃነቀ ሄደ። የሆነ ቦታ ሲደርስ ቆመ፤ የያዘውን መርፌ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

የተሳሳተ መሰለኝ። ጠጋ ብዬ አየሁ። ቁጥሩ ልክ ነው። አንዱ እጥፍ «አንድ በዕድሜ የገፉ ቀማሽ ግን የተለየ ነገር ተናገሩ፤ እንዲህ አሉ፦» ብሎ አልቋል። ቀጣዩ የሚጀምረው በእሱ ቃል ነው።

«ስሙን ስሰማ ልጅ ሆኜ ሣር ውስጥ የማባርረው ፌንጣ ትዝ አለኝ። አንድም ቀን ይዤው አላውቅም። አልተጸየፍኩትም፤ እንዲያው አዘንኩለት። ብስኩቱን ግን ጨረስኩት።»

ከእሱ በታች ጽሑፉ ይቀጥላል። እስከዚያ ድረስ ተመራማሪዎቹ በቃሉ የሚያልፍ ስሜት ሁሉ ጥላቻ ነው ብለው እንደነበር፣ ይህ መልስ ግን ሌላ ጥያቄ እንዳስነሣባቸው ይላል። ጥያቄው ምን እንደሆነ ለማወቅ ገጹን መግለጥ ያስፈልጋል። የእህቴ ባል ለአፍታ አመነታ። በሥራ ሰዓት እጥፍ ገልጦ መሃሉን አንብቦ አያውቅም።

ወንበር ሳበና ተቀመጠ። ገለጠው።

እንዲህ አንገቱን ደፍቶ ሳለ ኃላፊዋ በበሩ መጣች። መርፌው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እሱ ያነባል፤ እኔ የምሳ ዕቃ ይዤ ቆሜያለሁ። የምትለውን ጠበቅኩ።

«ቁጥሩን አዩት?» አለችው።

«ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ።»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ክምር ከላይ እስከ ታች በዓይኗ ወረደችበት። ከዚያ ለእኔ በጭንቅላቷ ሰላምታ ሰጥታኝ፣ የማሽኑ ድምፅ እንዳይረብሸው በመሃል ያለውን በር ዘግታልን ወጣች። እሱ መውጣቷንም አልሰማም። ምሳው እስኪበርድ መሃሉን እያነበበ ነበር፤ እኔም ከትከሻው በላይ አብሬው አነበብኩ።